የሐኪሙ ፔሮልና የሐኪሙ ጠረጴዛ፦ ከካዛንቺስ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
ለገንዘብ ሚኒስቴር
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ
ለአዲስ አበባ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን

በ2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች ያቀረቡት ባለ 12 ነጥብ ጥያቄ ምላሽ ባለማግኘቱ፣ ከግንቦት 5 ጀምሮ በከፊል፣ ከግንቦት 11 ጀምሮ ደግሞ በስፋት ሥራ ቆመ። ጥያቄው አዲስ አልነበረም፤ ደመወዝ፣ የዲዩቲ ክፍያ፣ የተጋላጭነት አበል፣ ቤት፣ ትራንስፖርትና ሕክምና የሚሉ ለዓመታት ሲንከባለሉ የመጡ ጉዳዮች ናቸው። ብዙ ባለሙያዎች ታሰሩ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናልም እስሩን ተቃወመ። ከወራት በኋላ መንግሥት ከመስከረም 2018 ጀምሮ የሚሠራ የደመወዝ ማሻሻያ ለሁሉም የመንግሥት ሠራተኞች አደረገ። በመጀመሪያ ዲግሪ ለሚቀጠር ሰው መነሻው ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ አለ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ያለቀ፣ የተዘጋ እየመሰለ ነው።

አልተዘጋም። ይህ ደብዳቤ የሐኪሞቹን ጥያቄ ሁሉ መልሶ ለማንሳት አይሞክርም። ሁለት ነገሮችን ብቻ ይዞ ቀርቧል፦ የሐኪሙን ፔሮልና የሐኪሙን ጠረጴዛ። ሁለቱም ላይ ከተጠቀሱት መሥሪያ ቤቶች አቅምና ሥልጣን ያልወጣ፣ ነገር ግን እስካሁን ያልተሠራ ሥራ አለ።

ከፔሮሉ መጀመር ይሻላል። ሥራው በቆመበት ግንቦት የአንድ ጠቅላላ ሐኪም ወርኃዊ ደመወዝ 10 ሺህ ብር አካባቢ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ያኔ ከ10 ሺህ ብር ላይ 2,045 ብር ግብር ይቆርጥ ነበር። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲደመርበት ሌላ 700 ብር ይሄድ ነበር። በሐኪሙ እጅ ይገባ የነበረው 7,255 ብር ነው፤ በጊዜው የባንክ ምንዛሪ ሲታሰብ 60 ዶላር አይሞላም ነበር። በዚህ ገንዘብ ካዛንቺስ ባለበት በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ፣ ምሳ በልቶ፣ ታክሲ ተሳፍሮ ወር መድረስ እንደማይቻል ለማስረዳት ጥናት አያስፈልግም። ከቤተሰብ ጋር የሚኖረው ከቤተሰብ ጋር ይኖራል፤ ከክልል መጥቶ በከተማዋ የተመደበው ግን ከሥራ ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ለሦስት ይከራያል፣ ወይም ከሆስፒታሉ ወጥቶ ወደ ሁለተኛ ሥራው ይሮጣል።

የገንዘብ ሚኒስቴር በተለይ ሊያየው የሚገባ አንድ ስሌት አለ። የ2008ቱ አዋጅ ሲወጣ ዶላር በ22 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። ከፍተኛው የ35 በመቶ ግብር ይጀምር የነበረው ከ10,900 ብር በላይ ባለው ገቢ ላይ ነው፤ ይህ ያኔ 500 ዶላር ገደማ ነበር። ያን ያህል የሚያገኝን ሰው ሕጉ ከፍተኛ ተከፋይ ብሎ መቁጠሩ በጊዜው ተገቢ ሊባል ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ግን 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ የግብሩ እርከን ግን ለአንድ ዓመት ያህል ባለበት ቆየ። ሐምሌ 2017 ላይ አዋጁ ተሻሻለ። ከግብር ነፃ የሆነው ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር፣ የ35 በመቶው መነሻ ደግሞ ከ10,900 ወደ 14,000 ብር ከፍ አለ። ማሻሻያው የሚመሰገን ነው፤ ዝቅተኛ ተከፋዩን በእርግጥ ረድቷል። ይሁንና 14,000 ብር በዚያው ሐምሌ ምንዛሪ 100 ዶላር ገደማ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የ500 ዶላር ደመወዝተኛ ይደርስበት የነበረው ከፍተኛ ምጣኔ አሁን የ100 ዶላር ደመወዝተኛ ይደርስበታል ማለት ነው።

ይህ በሐኪም ላይ ከሌላው ሠራተኛ ይልቅ የሚከብደው በዲዩቲ ምክንያት ነው። ዲዩቲ ማለት ሐኪሙ ቀኑን ሲሠራ ውሎ ሌሊቱንም በድንገተኛ ክፍል ወይም በማዋለጃ ክፍል የሚያድርበት፣ ብዙ ጊዜ በማግሥቱም ራውንድ ሳይጨርስ የማይወጣበት ሥራ ነው። ክፍያው በደመወዙ ላይ ተደምሮ ግብር ይቆረጥበታል። ድምሩ 14,000 ብርን ካለፈ፣ ሳይተኛ አድሮ ካገኘው ከእያንዳንዱ 100 ብር 35ቱ ለግብር ይሄዳል። ያውም ክፍያው በወቅቱ ሲመጣ ነው። የዲዩቲ ገንዘብ ለወራት ሳይከፈል ቆየ የሚለው ቅሬታ ከክልል ሆስፒታሎችም ከአዲስ አበባም ሲሰማ ኖሯል። ሚያዝያ 26 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሺዎች ከሚቆጠሩ የጤና ባለሙያዎች ጋር በተወያዩበት ወቅትም ባለሙያው ያቀረበው ብሶት በአብዛኛው ዛሬ የሚያቀርበው ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች በበርካታ ከተሞች አደባባይ ወጥተዋል። ከዚያ እስከ 2017 ስድስት ዓመት አልፏል።

የደመወዝ ማሻሻያዎቹም ቢሆኑ አሠራራቸው መታየት አለበት። በ2017 መጀመሪያ ላይ በተደረገው ማሻሻያ ዝቅተኛው የመንግሥት ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር አደገ፤ ከፍተኛው ግን ከ20,468 ወደ 21,492 ብር ብቻ ነበር የተነሳው። በዝቅተኛ ደመወዝ ለሚኖረው ሠራተኛ ቅድሚያ መስጠት ትክክል ነው፤ ይህ ደብዳቤ በእሱ ላይ ቅሬታ የለውም። ነገር ግን ስድስት ዓመት ተምሮ፣ ከዚያ አራት ዓመት ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም፣ ብሩ ከግማሽ በላይ በረከሰበት ዓመት ደመወዙ በጥቂት በመቶ ብቻ ሲጨምር፣ መንግሥት በእውነተኛ ዋጋ ደመወዙን ቀነሰበት ማለት ነው። የ2018ቱ ማሻሻያ ከፍተኛውን እርከን ወደ 39,000 ብር በማድረስ ይህን ለማረም ሞክሯል። ጥሩ ነው። ጥያቄው ቀጣዩ የዋጋ ንረት ሲመጣ ሐኪሙ እንደገና ስድስት ዓመት ይጠብቃል ወይ የሚለው ነው።

ስለ ሐኪሙ የራሱ ሕክምና ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ። በ2002 ዓ.ም. የማህበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ወጣ። ሠራተኛውና አሠሪው እያዋጡ ደመወዝተኛው ሲታመም ከኪሱ ሳይከፍል እንዲታከም የሚያደርግ ሕግ ነው። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. 15 ዓመት ሲሞላውም በተግባር አልጀመረም ነበር። ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ግን ተስፋፍቶ፣ አዲስ አበባንም አዳርሶ፣ በመደበኛ ደመወዝ የማይተዳደረውን ቤተሰብ ያሳክማል። ሐኪሙ በሁለቱ መካከል ወድቋል። ደመወዝተኛ ስለሆነ የማህበረሰብ አቀፉ አባል መሆን አይችልም፤ ደመወዝተኛውን የሚሸፍነው ሕግ ደግሞ አልተጀመረም። በየቀኑ የመድን ታካሚዎችን ቅጽ ሲፈርም የሚውል ሰው፣ ልጁ ስትታመም ካርድ የሚያወጣው፣ ላብራቶሪ የሚያሠራው፣ መድኃኒት የሚገዛው ከኪሱ ነው። በ2017 ከቀረቡት ጥያቄዎች ውስጥ አንዱ ይህ ነበር፤ ከሁሉም ጥያቄዎች ለመከራከሪያ ክፍተት የሌለው እሱ ነው።

አሁን ወደ ጠረጴዛው።

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ከስታዲየም ወደ ቤተ መንግሥቱ አቅጣጫ ሲወጡ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። በሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ሚሽን ተመሥርቶ፣ በደርግ ዘመን ወደ መንግሥት ተዛውሮ፣ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ ሲጀመር ቀዳሚ ከነበሩት ማዕከላት አንዱ የሆነ፣ ለከተማዋ ብዙ የዋለ ተቋም ነው። ክፍለ ከተማው ከሱ ሌላ በየወረዳው ጤና ጣቢያዎች፣ በየመንገዱ ደግሞ የግል ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች አሉት። በየትኛውም ገብቶ የሐኪሙን ጠረጴዛ ያየ ሰው የሚያየው ወረቀት ነው። የታካሚው ካርድ አለ፤ የተመላላሽ ታካሚዎች መዝገብ አለ፤ ለጤና መረጃ ሥርዓቱ (ኤችኤምአይኤስ) ሪፖርት የሚሆነው የበሽታ ምደባ አለ። የላብራቶሪና የራጅ መጠየቂያ፣ የመድን ቅጽ፣ የሪፈር ወረቀት፣ ለመሥሪያ ቤት የሚሰጥ የሕመም ፈቃድ ይከተላል። ፖሊስ ደብዳቤ ጽፎ የላከው ተጎጂ ሲመጣ የሕክምና ማስረጃ መጻፍ አለ፤ ከወራት በኋላ ደግሞ ስለዚያው ማስረጃ ፍርድ ቤት ቀርቦ መመስከር። የሕክምና ቦርድ ስብሰባ፣ የሞት ማስረጃ፣ የልደት ማሳወቂያ ሌላው ነው። ኮምፒዩተር በገባበት ተቋም ሥራው ይቀላል ተብሎ ነበር፤ ወረቀቱ ሳይቀር ኮምፒዩተሩ ሲጨመር ግን ሐኪሙ ያንኑ ታሪክ ሁለት ጊዜ ይጽፋል።

ይህ የኢትዮጵያ ችግር ብቻ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሐኪሞች ታካሚ በሚያዩበት በእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ገደማ በኮምፒዩተርና በጠረጴዛ ሥራ እንደሚያሳልፉ አሳይቷል። ልዩነቱ የሐኪሙ ቁጥር ነው። ኢትዮጵያ ለ10 ሺህ ሰው አንድ ሐኪም ገደማ ያላት አገር ናት። እዚህ አንድ ሐኪም ሁለት ጊዜ ሲጽፍ የሚያጠፋው ሰዓት ውጭ በአግዳሚ ወንበር ላይ ከምትጠብቀው እናት የተወሰደ ነው። መዝገብ መያዝ አስፈላጊ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ያለ ሪፖርት ወረርሽኝ አይታወቅም፣ መድኃኒት አይታቀድም። ጸሐፊ፣ ዳታ ክለርክ ወይም የጤና መረጃ ባለሙያ ሊሠራው የሚችለውን ሐኪም እንዲሠራው ማድረግ ግን ውድ የሆነውን ጉልበት ርካሽ ሥራ ላይ ማዋል ነው። የጤና መረጃ ባለሙያዎች በአገሪቱ ኮሌጆች ይሠለጥናሉ። በየተመላላሽ ክፍሉ አንድ አንድ ቢመደብ የሐኪሙ የቀን ውሎ ምን ያህል እንደሚለወጥ ቢሮው በአንድ ሆስፒታል ሞክሮ ማየት ይችላል።

የግል ክሊኒክ ያለው ሐኪም ሸክም ሌላ መልክ አለው። ሕዝቡ ክሊኒክ የከፈተን ሐኪም ሀብታም አድርጎ ያያል፤ ጥቂቶቹ ናቸውም። በካዛንቺስና በአካባቢው ለብዙ ዓመት የሰፈሩን ሰው ሲያክሙ የኖሩት መለስተኛና መካከለኛ ክሊኒኮች ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። የባለሙያ ፈቃድ በጤና በኩል፣ የተቋሙ ፈቃድ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኩል፣ የንግድ ፈቃድ በንግድ ቢሮ በኩል፣ የግብር ክሊራንስ በገቢዎች በኩል ይታደሳል። ራጅ ካለ የጨረር ቁጥጥር ይጨመራል። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱ ቅጽ፣ የራሱ ክፍያ፣ የራሱ የቁጥጥር ቡድን አለው፤ አንዱ ያየውን ሌላው አምኖ አይቀበልም። ሐኪሙ ራሱ ካልሄደ ጉዳዩ የማይንቀሳቀስባቸው ቀኖች አሉ፤ በእነዚያ ቀኖች ክሊኒኩ ሐኪም የለውም።

የታክሱ ነገር ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የሕክምና አገልግሎት ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ነው፤ ታካሚው ቫት አይጠየቅም፣ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ክሊኒኩ ለቤት ኪራይ፣ ለጥገና፣ ለዕቃ የከፈለውን 15 በመቶ ቫት እንደ ሌላ ነጋዴ ማቀናነስ አይችልም። ነፃ የተባለው ታክስ በጀርባ በር ገብቶ የሕክምናው ዋጋ ላይ ያርፋል። ሪኤጀንት፣ መመርመሪያ ማሽንና መለዋወጫ ደግሞ ከውጭ የሚመጡ ስለሆኑ ከ2016 ሐምሌ ወዲህ ዋጋቸው ከዶላሩ ጋር ወጥቷል። ኪራዩን በተመለከተ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 ተከራይን ከድንገተኛ ጭማሪ የሚጠብቅ ነው፤ ስሙ እንደሚለው ግን ለመኖሪያ ቤት ነው። ክሊኒክ የተከራየው ሐኪም በአከራዩ ፈቃድ ይኖራል።

በ2017 መጀመሪያ የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሁለተኛ ምዕራፍ ካዛንቺስ ሲደርስ ነባሩ ሰፈር ተነሳ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወሩ። ስለ ልማቱ ጥቅምና ጉዳት ብዙ ተብሏል፤ እዚህ ማስገባት አያስፈልግም። ስለ ሕክምና ግን ብዙም አልተባለም። የአንድ ክሊኒክ ፈቃድ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ነው። ቦታ ሲቀየር ክፍሎቹ እንደገና ይለካሉ፣ ቁጥጥሩ እንደገና ይደረጋል፣ ፈቃዱ እንደገና ይወጣል፤ በዚያ መካከል ሥራ የለም፣ ኪራይ ግን አለ። ለሃያ ዓመት የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎቹን በስም የሚያውቅ ሐኪም ታካሚዎቹ ሲበተኑበት ታሪካቸውም አብሮ ይበተናል። ታካሚው በአዲሱ መንደር ወደሚያገኘው ጤና ጣቢያ ሲሄድ ከዜሮ ይጀምራል። ክፍለ ከተማው ቤት ለፈረሰበት ሰው ምትክ ሲያስብ፣ የሰፈሩን ሕክምና አብሮ የሚያዛውር አሠራር ማሰብ ነበረበት።

ስለ ቁጥርም መነገር ያለበት አለ። ለረዥም ጊዜ አገሪቱ የነበሯት የሕክምና ትምህርት ቤቶች የጥቁር አንበሳ፣ የጎንደርና የጅማ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በተለይ በ2004 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ውሳኔው የሐኪም እጥረትን ለመቅረፍ የተወሰደ፣ በዓላማው ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ተማሪው ተመርቆ ሲወጣ ግን የሚቀጥረው በጀት አብሮ አልተዘጋጀም። ቀድሞ ማንኛውም ተመራቂ ሐኪም በጤና ሚኒስቴር ይመደብ ነበር፤ በኋላ ምደባው ቀርቶ ሐኪም ሥራ ፈላጊ ሆነ። ለ10 ሺህ ሰው አንድ ሐኪም ባለባት አገር ሐኪም ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ሥራ ሲፈልግ መታየቱ ከሁሉም የሚያም ነው። ከመካከላቸው ጥቂት የማይባሉት ወደ ውጭ ለመሄድ ፈተና ይቀመጣሉ። እነሱን አገር አይወዱም ብሎ መውቀስ ፍትሕ አይደለም፤ ስድስት ዓመት ያስተማራቸው ሕዝብም፣ እነሱም ተበድለዋል።

የአፍሪካ መንግሥታት በ2001 እ.ኤ.አ. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለማዋል ቃል ገብተዋል። አብዛኞቹ ቃሉን አላከበሩም፤ ኢትዮጵያም ከእነሱ አንዷ ናት። ጎረቤት ኬንያ ግን በአንድ ነገር ትበልጠናለች። የኬንያ ሐኪሞች ከታኅሣሥ 2016 እስከ መጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. 100 ቀን፣ በ2024 ደግሞ 56 ቀን ሥራ አቁመዋል። ያ ለታካሚው ትልቅ ጉዳት ነበር። ግን ሁለቱም የተቋጩት የሐኪሞቹ ማህበርና መንግሥት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው በፈረሙት ስምምነት ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ሆስፒታልን ከአስፈላጊ አገልግሎቶች ቆጥሮ ሥራ ማቆምን ይከለክላል፤ የመንግሥት ሠራተኛውም በሠራተኛ ማህበር ተደራጅቶ የኅብረት ስምምነት የሚፈራረምበት መንገድ የለውም። ክልከላው ምክንያት አለው፤ ድንገተኛ ክፍል ሊዘጋ አይገባም። ነገር ግን የዓለም ሥራ ድርጅት መርሕ እንደሚለው፣ ሥራ የማቆም መብት ለተከለከለ ሠራተኛ በምትኩ ገለልተኛ የሆነ የሽምግልናና የግልግል መድረክ ይገባዋል። ይህ መድረክ ስለሌለ ነው ጥያቄው በየስድስት ዓመቱ ወደ አደባባይ፣ ከአደባባይም ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሚሄደው።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቶቹ የሚጠይቀው የተወሰነ ነገር ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር የዲዩቲ ክፍያን ከከፍተኛው የግብር እርከን የሚያወጣ ወይም ለብቻው ዝቅ ባለ ምጣኔ የሚያስከፍል ማሻሻያ ያዘጋጅ፤ የግብር እርከኑም ከዋጋ ንረት ጋር በየጊዜው የሚከለስበትን ሥርዓት ያስቀምጥ። የጤና ሚኒስቴር አዋጅ ቁጥር 690ን ቢያንስ ለጤና ባለሙያዎች ይጀምር፤ አገሪቱን በሙሉ እስኪያዳርስ ባለሙያው በሚሠራበት ተቋም በነፃ ይታከም። ከማህበራቱ ጋር በዓመት አንድ ጊዜ በቃለ ጉባኤ የሚመዘገብ፣ ውጤቱም ለሕዝብ የሚገለጽ ድርድር ያድርግ። የአዲስ አበባ ጤና ቢሮ ያልተከፈለ ዲዩቲ ያለበትን ተቋም ስምና የዕዳውን መጠን በየሩብ ዓመቱ ይፋ ያድርግ፤ በቂርቆስ ካሉት ተቋማት በአንዱም የጤና መረጃ ባለሙያዎችን በየክፍሉ መድቦ ለስድስት ወር ይሞክር። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከንግድ ቢሮና ከገቢዎች ጋር ተስማምቶ የክሊኒክ ፈቃድ ሰንሰለቱ በሙሉ፣ በ2017 ሥራ በጀመረው የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአንድ መስኮት እንዲያልቅ ያድርግ፤ በልማት ምክንያት የሚነሳ ክሊኒክም በአዲሱ ቦታ ፈቃዱ እስኪጣራ በጊዜያዊ ፈቃድ እንዲሠራ ይፍቀድ።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው የመድኑ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ሕግ ሆኖ የወጣ ነው። የቀሩት፣ አዋጅ ከሚጠይቀው ከግብሩ ማሻሻያ በስተቀር፣ በደብዳቤ፣ በመመሪያና በስብሰባ የሚያልቁ ናቸው።

የፌዴራል በጀት በየዓመቱ ሰኔ ላይ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል። መሥሪያ ቤቶቹ የ2019 በጀት ከመጽደቁ በፊት ከእነዚህ ጥያቄዎች የትኛውን እንደሚቀበሉ፣ የትኛውን እንደማይቀበሉና ለምን እንደሆነ፣ የተቀበሉትንም ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚፈጽሙ በጽሑፍ ለባለሙያዎቹና ለሕዝቡ እንዲያሳውቁ በአክብሮት ይጠየቃሉ።